የማይመለሰውን አስቀድሞ መቁረጥ

የዩኒቨርሲቲ በጀት ሲጎድል ቅነሳው ቶሎ ከሚደርስባቸው ክፍሎች አንዱ ቤተ መጻሕፍት ነው። የመምህራን ደመወዝ በአንድ ጀምበር አይቀነስም፤ የተጀመረ ሕንጻ ቆሞ አይቀርም፤ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ወር ጠብቆ ይመጣል። ዘንድሮ ሳይገዛ የቀረ መጽሐፍ ግን አቤት አይልም፤ የሚፈልገው ተማሪ ምናልባት ገና አልተወለደም። በየካቲት 2025 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ከምርምር ገንዘብ ጋር ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠውን የተዘዋዋሪ ወጪ ድርሻ በ15 በመቶ እንደሚገድብ አስታወቀ። ፍርድ ቤት ውሳኔውን ቢያግደውም በየግቢው ያለው የበጀት ስጋት ግን አልቆመም። ይህ የተዘዋዋሪ ወጪ የላቦራቶሪ መብራትና የአስተዳደር ሥራ የሚሸፈንበት ብቻ አይደለም፤ የቤተ መጻሕፍት ወጪም ከፊሉ የሚታሰበው እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሩቅ አይደለም፦ ገንዘብ ሲያጥር ከስብስቡ ምን ይቆረጥ? የዚህ ሐተታ ክርክር፣ ቤተ መጻሕፍት ዛሬ ባለው አሠራር አስቀድመው የሚቆርጡት ከተቆረጠ የማይመለሰውን ነው፤ እስከ መጨረሻ የሚንከባከቡት ደግሞ ዛሬ ቢተዉት ነገ ተመልሶ ሊገዛ የሚችለውን ነው የሚል ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት።

ነገሩ እዚህ የደረሰው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማመዛዘን ስላቃታቸው አይደለም። የመግዣ በጀታቸው ሁለት ዓይነት ገንዘብ ስላለበት ነው፤ አንዱ በውል የታሰረ፣ ሌላው ያልታሰረ። የታሰረው የጆርናሎች ጥቅል ውል ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጆርናሎች ከወረቀት ወደ ኢንተርኔት መሸጋገር ሲጀምሩ ታላላቆቹ አሳታሚዎች ለዩኒቨርሲቲዎች ማራኪ ሐሳብ አቀረቡ፦ ቀድሞ ለጥቂት መቶ ጆርናሎች ትከፍሉት በነበረው ገንዘብ ላይ ትንሽ ጨምሩና በእጃችን ያሉትን ሁሉ፣ ሁለት ሺሕም ይሁኑ ሦስት ሺሕ፣ አንብቡ። ውሉ የብዙ ዓመት ነበር፤ ዋጋው በየዓመቱ በተወሰነ መቶኛ እንዲያድግ ተጽፎበታል፤ ከጥቅሉ ውስጥ ነጥሎ መሰረዝም አይቻልም ወይም ምንም አያስቀንስም። የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ኬኔት ፍሬዘር በ2001 ባወጡት ጽሑፍ ባልደረቦቻቸውን አስጠንቅቀው ነበር፦ ይህን ውል አትፈርሙ፣ አንዴ ከገባችሁ መውጫው ይጠፋችኋል፣ ዋጋውንም ሆነ ስብስባችሁን የሚወስንላችሁ ሻጩ ይሆናል። ብዙዎቹ ግን ፈረሙ። በወቅቱ ለተማሪና ለተመራማሪ የተከፈተው በር በእርግጥ ሰፊ ስለነበር የፈረሙትን መውቀስ አይገባም። ውሉ ከጥሩ ዘመን ወደ ክፉ ዘመን ሲሻገር ምን እንደሚያስከትል ግን ፍሬዘር ቀድመው አይተዋል።

ውጤቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ሃርቫርድ በሀብቱ ከዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ቀዳሚ ነው። በሚያዝያ 2012 ግን ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የሚያማክረው የመምህራን ምክር ቤት የጆርናል ዋጋ ሊዘለቅ የማይችል ደረጃ ላይ መድረሱን ለመላው መምህራን በደብዳቤ አሳወቀ። ለታላላቆቹ አሳታሚዎች የሚከፈለው ዓመታዊ ገንዘብ 3.75 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል፤ የሁለት አሳታሚዎች የኢንተርኔት ጆርናሎች ዋጋ በስድስት ዓመት ውስጥ 145 በመቶ ገደማ አድጓል፤ በዓመት እስከ 40,000 ዶላር የሚጠየቅበት ጆርናልም አለ። ሃርቫርድ ያልቻለውን የአንድ ጠቅላይ ግዛት ኮሌጅ እንዴት ይችለዋል? ዋጋው ደግሞ ከወጪ ጋር ብዙም አይገናኝም። ከታላላቆቹ አሳታሚዎች አንዱ የሆነው ኤልሰቪየር በ2010 ከ2 ቢሊዮን ፓውንድ ገቢ ላይ 724 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ማለትም 36 በመቶ ያህል፣ ትርፍ አስመዝግቧል። ጽሑፉን የሚጽፈው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የሚገመግመውም ሌላ መምህር ነው፤ ሁለቱም ከአሳታሚው የሚከፈላቸው የለም። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ቪንሰንት ላሪቪየርና ባልደረቦቹ በ2015 ባሳተሙት ጥናት በ2013 ከወጡት የምርምር ጽሑፎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአምስት አሳታሚዎች እጅ እንደነበሩ አሳይተዋል። ገዢው ዋጋ ማወዳደር እንኳ የማይችልበት ገበያ ነው፤ ውሎቹ ብዙ ጊዜ ዋጋን በምስጢር የመያዝ ግዴታ አለባቸው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ቴድ በርግስትሮምና ሦስት ባልደረቦቹ በመረጃ ነጻነት ሕጎች ተጠቅመው የአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ውሎች ካስወጡ በኋላ በ2014 ያሳተሙት ጥናት ይህን ምስጢር ገልጦታል። ለአንድ ዓይነት የኤልሰቪየር ጥቅል የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በ2009 የከፈለው 1.22 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በተማሪ ብዛት የሚቀራረበው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የከፈለው 2.16 ሚሊዮን ነበር። ልዩነቱ ምን እንደተነበበ ሳይሆን ማን ምን ያህል እንደተከራከረ የሚያሳይ ይመስለኛል።

እንግዲህ እንዲህ ባለ በጀት ላይ የአሥር በመቶ ቅነሳ ሲታዘዝ ምን ይሆናል? የታሰረው ገንዘብ አይነካም፤ እንዲያውም ውሉ በሚለው መቶኛ ያድጋል። ቅነሳው በሙሉ የሚያርፈው ባልታሰረው ላይ ነው፦ በመጽሐፍ ግዢ፣ ትናንሽ የሙያ ማኅበራት በሚያሳትሟቸው ጆርናሎች፣ ጥቂት ሰው በሚያነባቸው ቋንቋዎች በተጻፉ ሥራዎች፣ በካታሎግ ሠራተኞች ላይ። ከጠቅላላው አሥር በመቶ የሆነው እዚህ ሲደርስ ሠላሳ ወይም አርባ በመቶ ሊሆን ይችላል። ምርጫውን ምክንያታዊ ለማስመሰል የሚቀርበው መለኪያ ደግሞ የአጠቃቀም ቁጥር ነው፤ የጆርናሉ ዋጋ በዓመቱ ጽሑፎቹ በወረዱበት ብዛት ይካፈላል፣ ውድ የሆነው ይሰረዛል። መለኪያው ለአንድ ነገር ጥሩ ነው፤ ሁለት ተመሳሳይ የኬሚስትሪ ጆርናሎችን ለማወዳደር። አምስት መቶ ተመራማሪዎች ያሉትን የሕክምና ፋኩልቲ ከሁለት መምህራንና ከስድስት ተማሪዎች የሴማዊ ቋንቋዎች ክፍል ጋር ሲያወዳድሩበት ግን የሚለካው የሰውን ብዛት እንጂ የሥራውን ዋጋ አይደለም። አንድ ተማሪ ለዶክትሬት ማሟያው ዓመቱን ሙሉ የተመረኮዘበት መጽሐፍ በቁጥሩ ላይ የሚታየው እንደ አንድ ውሰት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ በቀላሉ መታለፍም የለበትም። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በአለን ኬንት መሪነት ተካሂዶ በ1979 የታተመው ጥናት፣ በ1969 ከተገዙት መጻሕፍት 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም በውሰት እንዳልወጡ አረጋግጧል። ታዲያ ማንም ለማይከፍተው መጽሐፍ ገንዘብ ማውጣት ብክነት አይደለም ወይ? ከፊሉ በእርግጥ ብክነት ነበር፤ በየከተማው መጻሕፍት መደብር ሊገኝ የሚችለውን፣ በመቶ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የተቀመጠውን መጽሐፍ «ምናልባት ይፈለግ ይሆናል» ብሎ መግዛት አስፈላጊ አልነበረም። ተጠቃሚው ሲጠይቅ ብቻ የሚገዛበት አሠራር ለእንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ዛሬ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩበትም ነው። ነገር ግን ያ አሠራር አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ጠያቂው ሲመጣ መጽሐፉ ገበያ ላይ መኖር አለበት። ለለንደንና ለኒውዮርክ አሳታሚዎች መጽሐፍ ይህ ይሠራል። በአዲስ አበባ ጥቂት ሺሕ ቅጂ ታትሞ፣ በዓመት ከመንፈቅ ከመደብሮች ለጠፋ የአማርኛ መጽሐፍ አይሠራም። ከሃያ ዓመት በኋላ «ይህን መጽሐፍ እፈልጋለሁ» የሚለው ተመራማሪ ሲመጣ የሚገዛለት የለም።

የኢትዮጵያን ነገር ያነሣሁት በግድ ለማገናኘት አይደለም፤ የአማርኛ መጻሕፍት የውጭ አገር ስብስብ ዕጣ በዚሁ በጀት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ከ1966 ጀምሮ በናይሮቢ ቢሮ አለው፤ ቢሮው ኢትዮጵያን ጨምሮ ከምሥራቅ አፍሪካና ከአካባቢው አገሮች መጻሕፍትን፣ ጋዜጦችንና የመንግሥት ሰነዶችን ይሰበስባል፤ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ወጪውን ለሚጋሩ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ይገዛል። ከ1958ቱ የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ የመነጨው የፌዴራል ድጎማም የአፍሪካ ቋንቋዎችን የሚያስተምሩ ማዕከላትን ደግፏል፤ በዚያ ምክንያት በብዙ ግቢ የአማርኛ መደርደሪያ ተፈጠረ። ዛሬ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ሆኖ ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ሰው፣ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ ወጣትም ይሁን ሌላ፣ የሚያርፈው በዚያ መደርደሪያ ላይ ነው። ሆኖም አንድ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ የጋራ ግዢ ለመውጣት ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ይበቃዋል፤ የሚቃወሙት ሁለት ወይም ሦስት መምህራን ናቸው። ከጆርናል ጥቅል ለመውጣት ግን የሺሕ ሰው ቁጣ መቋቋም ይኖርበታል። አስተዳዳሪው የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አይከብድም። የሚቆጥበው ገንዘብ ከጥቅሉ አንድ ዓመት ጭማሪ እንኳ ላያህል ይችላል፤ የሚፈጠረው ክፍተት ግን ዘላቂ ነው። በኋላ በጀቱ ቢመለስም ያለፉት ዓመታት ኅትመት አይመለስም።

በየዓመቱ አጠቃቀም ቢመዘን ኖሮ ያልተሠራ ይሆን የነበረ አንድ ታላቅ ሥራ አለ። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት፣ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና መጻሕፍት ቤተ መዛግብት ጋር ተባብሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎችን ከየአብያተ ክርስቲያናቱና ከየገዳማቱ በፊልም ቀርጿል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡለት ካታሎግ የግዕዝ ጥናት መሠረት ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እያንዳንዱን ፊልም ስንት ሰው ከፍቶ አየው? በእርግጥ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ግን አብዮት፣ ጦርነትና ዝርፊያ መጣ፤ ለአንዳንድ ብራናዎች ምስሉ ብቸኛው ምስክር የሚሆንበት ዘመን ሆነ። በዓመታዊ ውሰት ቁጥር ላይ የቆመ ውሳኔ እንዲህ ያለውን ዋጋ ሊያየው አይችልም፤ መለኪያው ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አያይምና።

ታላላቅ ጥቅሎችን መቁረጥ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ቀደም ሲል የነበረው መልስ ግምት ነበር፤ ዛሬ ግን ማስረጃ አለ። አሥር ግቢዎች ያሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአሜሪካ የምርምር ጽሑፎች አሥር በመቶ ገደማ የሚወጡበት ተቋም፣ በየካቲት 2019 ከኤልሰቪየር ጋር የነበረውን፣ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚከፈልበትን ውል አላድስም አለ። በሐምሌ አዳዲስ ጽሑፎች ተዘጉበት። ሁለት ዓመት ጠበቀ፤ በመጋቢት 2021 የመምህራኑ ጽሑፎች ለዓለም በነጻ እንዲነበቡ የሚያደርግና አጠቃላይ ወጪውን የሚገድብ አዲስ ውል ፈረመ። ስዊድን በ2018 እንደ አገር ከኤልሰቪየር ወጥታ በ2019 መጨረሻ በተሻለ ውል ተመለሰች። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምም በሰኔ 2020 ከኤልሰቪየር ጋር የነበረውን ድርድር አቋረጠ። በዚያው ዓመት 64 ግቢዎች ያሉት የኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከሁለት ሺሕ በላይ ጆርናሎች የያዘውን ጥቅል ትቶ 248 ጆርናሎች ብቻ ነጥሎ ገዛ፤ በዓመት ከ5 እስከ 7 ሚሊዮን ዶላር እንደሚቆጥብም አስታወቀ።

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» የሚል ይኖራል፤ ውል ያቋረጠ ቤተ መጻሕፍት የሚጎዳው የራሱን ተመራማሪዎች ነው ማለት ነው። ጉዳት የለም ብዬ አልከራከርም፤ በተለይ በሕክምና ዘርፍ ጽሑፍ ፈልጎ አንድ ቀን መጠበቅ ችግር ነው። ግን የጉዳቱ መጠን አስቀድሞ ከተፈራው ያነሰ ነው። ቀድሞ የተከፈለባቸው ዓመታት ጽሑፎች በአብዛኛው ውል በዘላቂነት ክፍት ናቸው። አዲሱን ከሌላ ቤተ መጻሕፍት በውሰት፣ ከደራሲው በኢሜይል፣ ወይም ደራሲው በነጻ ካስቀመጠው ቅጂ ማግኘት ይቻላል። በ2018 የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት ከምርምር ጽሑፎች ሁሉ ቢያንስ 28 በመቶ በነጻ እንደሚነበቡ፣ አንባቢዎች ከሚፈልጓቸው ውስጥ ደግሞ 47 በመቶው በነጻ እንደሚገኙ ገምቷል፤ ድርሻው ከዚያ ወዲህ አድጓል። በሕገወጥ መንገድ ጽሑፍ የሚያወርዱ መኖራቸውም እውነት ነው፤ ይህን በቤተ መጻሕፍት ዕቅድ ውስጥ መቁጠር ግን አይገባም፣ ሳይቆጠርም ክርክሩ ይቆማል። ከሁሉም በላይ ጉዳቱ የሚጠገን ነው። ካሊፎርኒያ ሲመለስ ጆርናሎቹ ቦታቸው ላይ ነበሩ፤ አንድም ቁጥር አልጠፋም። በነዚያው ሁለት ዓመታት ሳይገዛ የቀረ የአዲስ አበባ ወይም የካምፓላ መጽሐፍ ግን እንዲህ አይጠብቅም።

ካሊፎርኒያ ትልቅ ስለሆነ ቻለ፣ ትንሽ ኮሌጅ ብቻውን ምን ጉልበት አለው የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ መልሱም በውስጡ አለ። የስዊድን ተቋማት በአንድ ድምፅ ስለተደራደሩ ነው የተሳካላቸው፤ ብቻውን የሚደራደር ቤተ መጻሕፍት የሚሺጋን ዓይነት ዋጋ ሊያጋጥመው ይችላል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ አዲሶቹ ውሎች የክፍያውን አጥር ከአንባቢ ወደ ጸሐፊ እያዛወሩት መሆኑ። በ2020 ኔቸር የተባለው የሳይንስ ጆርናል ጽሑፋቸው በነጻ እንዲነበብ ከሚፈልጉ ደራሲዎች ለአንድ ጽሑፍ 9,500 ዩሮ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። የካሊፎርኒያ መምህር ዩኒቨርሲቲው ይከፍልለታል፤ የጎንደር ወይም የጅማ መምህር የሚከፍልለት የለም፤ የሚጠብቀው የአሳታሚውን የክፍያ ምሕረት ነው። ስለዚህ ጥቅሉን ቆርጦ የተገኘውን ገንዘብ መልሶ ለዚያው አሳታሚ በሌላ ስም መክፈል ድል አይባልም። የተቆጠበው ገንዘብ ሌላ ቦታ መዋል አለበት፤ ደራሲም አንባቢም በማይከፍሉባቸው፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የሙያ ማኅበራት ራሳቸው በሚያሳትሟቸው ጆርናሎችና ሌላ ማንም በማያስቀምጣቸው ስብስቦች ላይ።

ሌላው የሚነሣው መልስ «እኛ ብንተወው ሌላው ይዞታል» የሚለው ነው። በመርህ ደረጃ መልካም ሐሳብ ነው። በቺካጎ የሚገኘው የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማዕከል በ1949 የተቋቋመው፣ የአፍሪካ ሰነዶች የጋራ ፕሮጀክትም በ1963 የተጀመረው፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሁሉን መግዛት እንደማይችል ስለታወቀ ነው። ይሁን እንጂ መጋራት የሚሠራው አንዱ «ይህን እኔ እይዛለሁ» ብሎ በጽሑፍ ሲገባ ነው። የበጀት ችግር ደግሞ ሁሉን በአንድ ጊዜ ይመታል፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት መለኪያ ሲቆርጡ ሁሉም የሚቆርጡት አንድ ዓይነት ነገር ይሆናል። አምስት ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ዓመት ውስጥ፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ፣ ያንኑ የአማርኛ ጋዜጣ ደንበኝነት ሊያቋርጡ ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸውም ሌሎቹ አራቱ ይዘውታል ብለው። ከመሰረዝ በፊት ለሌሎች ማሳወቅ፣ የመጨረሻው ያዥ ማን እንደሆነ ማረጋገጥ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ግን ዛሬ የትም ግዴታ ሆኖ የማላየው አሠራር ነው።

ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ክርክር ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ይታየኛል። በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል፤ በዶላር የሚከፈል ማንኛውም ደንበኝነት አሳታሚው አንድ ሳንቲም ሳይጨምርበት በብር ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። በአንጻሩ፣ በ2002 በጤና ጆርናሎች የተጀመረውና ኋላ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚል ስም የተሰባሰበው ፕሮግራም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ተቋማት የታላላቆቹን አሳታሚዎች ጆርናሎች በነጻ ይከፍታል፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ተጠቃሚ ናቸው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን በሰጪው ፈቃድና በአገር የገቢ ደረጃ ላይ የቆመ ነውና ለዘለቄታው የሚታመኑበት አይደለም። ከ40 በላይ የሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በየፊናቸው ከመደራደር ይልቅ በአንድነት የሚደራደሩበትን የቤተ መጻሕፍት ጥምረት ማጠናከር ያለባቸው አሁን፣ በሩ ክፍት ሳለ ነው። ነጻው ጆርናል እስካለ ድረስ ደግሞ ያለችው ጥቂት ብር መዋል ያለባት ማንም ከውጭ ሊሰጠን በማይችለው ላይ ነው፦ በተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጥናቶች፣ በአገር ውስጥ ጆርናሎች፣ ባለፈው ወር በወጡ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ መጻሕፍት፣ እየተበጣጠሱ ባሉ የቆዩ ጋዜጦች። በ2019 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር በነጻ እንዲነበብ ያዛል፤ ትእዛዙ የሚፈጸመው ግን ጽሑፉን ተቀብሎ፣ መዝግቦ፣ በኮምፒውተር ላይ ጠብቆ የሚያቆይ ባለሙያ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሲኖር ነው። በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ተወዳዳሪ የሌለው የሆነው በዘመኑ ብዙ አንባቢ ያልነበረውን ወረቀት ሁሉ ስለሰበሰበ ነው።

የበጀት ቅነሳ ሰንጠረዥ ፊታችሁ የተቀመጠ የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ ይህ ከአምስት ዓመት በኋላ ገንዘብ ቢገኝ ተመልሶ ይገዛል ወይስ አይገዛም? «ይገዛል» የሚለውን አስቀድማችሁ ቁረጡ። በሲያትልም በሃምቡርግም፣ በሚኒያፖሊስም በኢየሩሳሌምም ያላችሁ አንባቢዎችና ተማሪዎች ደግሞ የዩኒቨርሲቲያችሁን ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጽሐፍ ዘንድሮ ገዝቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ያለውንም አውጥታችሁ አንብቡ። የስረዛ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ለውይይት የሚቀርበው ለመምህራን ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ የአማርኛ ስብስብ ካለ በጽሑፍ ተቃወሙ፣ ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት።